በደቂቃ ሠላሳ ስምንት ቃል ስለምታነበዋ ልጄና ስለ መምህርቷ ዝውውር

ለክቡር ሊሴንሲያዶ አርኑልፎ ቴርሴሮ
የወረዳው ትምህርት ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ፈጣን ንባብና ስለ ፈጣን ዝውውር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በተለይም ወገብዎን። ከከተማው ወደ ሎስ ሆኮቴስ የሚያመጣው መንገድ ፒክአፕ እንደሚያንገጫግጭ እናውቃለን። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጎበኙን ወገብዎን ይዘው ከመኪናው ሲወርዱ ስላየንዎት፣ እኛ የመንደሩ ሴቶች እስከ ዛሬ በጸሎታችን እናስብዎታለን። ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው የአየር ማቀዝቀዣ ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

እኔ ሴፌሪና ቡልነስ እባላለሁ። ባርኔጣ እጎነጉናለሁ፣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ የሎስ ሆኮቴስ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊም ነኝ። ከዚህ ሌላ፣ እርስዎ በቅጽዎ ላይ «የማታነብ» ብለው የመዘገቧት የሦስተኛ ክፍሏ የኔሬይዳ እናት ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ልኬ ብቻዎን ሲያነቡት እንዳይሰለችዎ ብዬ በሱቁ በር ላይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና በከተማው እርስዎ ዘወትር ቁርስ በሚበሉበት ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ነገሩ ስለ መምህርት ኦብዱሊያ ነው። እርስዎ ሊወስዱብን ይፈልጋሉ፤ እኛ ደግሞ አንሰጥም። በዚሁ ላቆም እችል ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ለትልቅ ሰው አጭር ደብዳቤ መጻፍ ነውር ነው ብላ ስላሳደገችኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሩጫ ሰዓቱ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ሰዓት በመንደራችን ታይቶ የሚያውቀው በበዓል ቀን በበቅሎ እሽቅድምድም ላይ ብቻ ነበር። እርስዎ አንገትዎ ላይ አንጠልጥለውት ያን ሐሙስ ሦስተኛ ክፍል ሲገቡ፣ ለካ ማንበብም ግልቢያ ኖሯል ብለን ተማርን። መመሪያዎ እንደሚለው የሦስተኛ ክፍል ልጅ በደቂቃ ስልሳ ዘጠኝ ቃል ካነበበ አያነብም፤ ሰባ ካነበበ ያነባል። ያነበበው ገብቶት እንደሆነ መመሪያው ምንም አይልም፤ ምናልባት ወረቀት አልቆባችሁ ይሆናል። እኔ ሃያ ዓመት ባርኔጣ ስሸጥ በሰዓት ስንት ትጎነጉኛለሽ ብሎ የጠየቀኝ ገዢ የለም፤ ሁሉም ወደ ፀሐይ አንስቶ ቀዳዳ እንዳለው ነው የሚያየው።

ለልጄ የሰጧት ምንባብ በባሕር ዳር ስላለ የመብራት ማማና ስለ ጠባቂው ሽማግሌ ነበር። ኔሬይዳ ባሕር አይታ አታውቅም። ቢሆንም ሽማግሌው በየምሽቱ ደረጃውን ወጥቶ መብራቱን የሚያበራው መርከቦች ከዓለት እንዳይጋጩ መሆኑን ቀስ እያለች አነበበችና ቆመች። ቀና ብላ እርስዎን እያየች «መርከብ በማይመጣበት ምሽትስ ያበራል?» አለች። እርስዎም «አትጠይቂ፣ አንብቢ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አሏት። እሷ ግን በዚህ በኩል እኔን ነው የመሰለችውና «መምጣት አለመምጣቱን በምን ያውቃል ታዲያ?» ብላ ስታሰላስል ደቂቃው አለቀ። ሠላሳ ስምንት ቃል ተባለ፤ የማታነብ ተባለ።

ያን ዕለት ልጄ ባቄላዋን ሳትነካ ተነሳች። «እማ፣ እስከ ዛሬ ሳነብ የነበረው ማንበብ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ በሌላው ሁሉ እቀልዳለሁ፤ በዚህ ግን አልቀልድም። ልጄን እንዲህ ስላሰኟት በጣም ተናድጄብዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛ ንባብ ምን እንደሚመስል እንድናይ ብለው ከከተማው በፒክአፕዎ ጭነው ስላመጧት ስለ ዌንዲ አመሰግናለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ነጭ ካልሲ፣ በደቂቃ መቶ አሥራ ሁለት ቃል። ያንኑ የመብራት ማማ ስታነበው ነጥብም ሆነ ነጠላ ሰረዝ መንገዷ ላይ ቆሞ አላገኘችውም። ከዚያ እርስዎ ቅጽ ሲሞሉ ልጅቷ ርቧት ስላየኋት በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ታማል ሰጠኋትና «ሽማግሌው መጨረሻው ምን ሆነ የኔ ቆንጆ?» አልኳት። «የቱ ሽማግሌ?» አለች። «አሁን ያነበብሽው ነዋ!» ስላት አፏን ሞልታ እያኘከች «እኔ እንጃ ዶኛ፣ እኔ የማየው ሰዓቱን ነው» አለችኝ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁለተኛ ታማልም ወስዳለች።

ሦስተኛ፣ ስለተቆረጠው ገመድ አመሰግናለሁ። መምህርት ኦብዱሊያ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ገመድ ዘርግታ ነበር። ልጆቹ ከቤታቸው፣ ከመንገድ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ያላወቁትን ቃል ፊደሉን ሳያሳስቱ በወረቀት ገልብጠው ያመጣሉ፤ ወረቀቱ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀላል፤ ልጁ ቃሉን በራሱ አነጋገር እስኪያስረዳና ዓረፍተ ነገር እስኪሠራበት ድረስ አይወርድም። እርስዎ ገብተው «ይህ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የልብስ ማስጫ?» ብለው ሳቁ። ሾፌርዎም ሳቀ። ከዚያ ገመዱን በገዛ እጅዎ ቆረጡት።

ከገመዱ ላይ ከወደቁት ወረቀቶች አንዱ የዳሊላ ነበር። ዳሊላ የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር የዶን ታቾ የልጅ ልጅ ናት። ከጸረ-ተባይ ጀሪካን ላይ «ማሸጊያ» የሚለውን ቃል ገልብጣ መጥታ፣ ሦስት ቀን ሰቅላ፣ በአራተኛው ቀን ገብቷት ወደ ቤቷ ሮጠች። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው «ማሸጊያውን ለሌላ አገልግሎት አያውሉት» የሚል ነው። ዶን ታቾ በዚያ ጀሪካን ሁለት ዓመት ሙሉ የመጠጥ ውኃ አስቀምጦበታል። ልጅቷ ውኃውን ስትደፋው ሊቆጣት ተነስቶ «አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ!» ብሎ ነበር፤ እሷም ፊደሎቹን በጣቷ እያሳየች አስረዳችው። ዳሊላም በእርስዎ ቅጽ የማታነብ ናት፤ አርባ አንድ ቃል።

አራተኛው ስለ ሰዋስው ነው፤ አጭር ነው። መምህርት ኦብዱሊያ ዓረፍተ ነገር በመቀስ ቆራርጣ ታድላቸዋለች፤ ልጆቹ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ማን ምን እንዳደረገ እስኪገባቸው ይገጣጥሙታል። እርስዎ ይህን «የንጽሕና ጉድለት» ብለው መዝግበውታል። ወለሉን ጠርገነዋል።

አምስተኛውና ዋናው ምስጋናዬ ስለ ወረቀቱ ነው።

ከጉብኝትዎ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ ወጥተን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመን ሳለ ሾፌርዎ መጣ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። «ተራ ነገር ነው፤ እዚህች ጋ ብቻ ፈርሙልኝና ልሂድ» አለ። ዶን ታቾ እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም መሆኑን አልደብቅዎትም። እኛ ከወረዳው የመጣ ወረቀት ሁሉ ላይ ስናትም የኖርን ሰዎች ነን፤ እኔም ማንበብ የምችለዋ ጸሐፊ፣ ሾፌሩ ይቸኩላል ብዬ ሳላነብ ፈርሜ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ኔሬይዳ ከጎኔ ነበረች። «እማ፣ እኔ ላንብብላችሁ?» አለች። ማንበብ እንደምትችል ለራሷ ልታረጋግጥ ፈልጋ እንደነበር ገብቶኛል። ወረቀቱን ሰጠኋት።

በዚያችው በሚያውቋት ፍጥነት ጀመረች። መምህርት ኦብዱሊያ ሜሂያ የንባብ ፈተናውን ዝቅተኛ ውጤት ተመልክተው በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ላ ኔብሊና መዛወር ስለጠየቁ፣ የወላጅ ኮሚቴውም በገዛ ፈቃዱ ስለተስማማ፣ ይላል። ልጄ ቆመች።

«‹በገዛ ፈቃድ› ምን ማለት ነው?»

«ማንም ሳያስገድድሽ፣ ራስሽ ወደሽ ማለት ነው እናቴ» አላት ዶን ታቾ።

«ፕሮፌ ኦብዱሊያ ወዳ ነው የምትሄደው?»

ላ ኔብሊና ከዚህ በበቅሎ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ መምህርት ኦብዱሊያ ደግሞ ከአልጋ የማይነሱ አባት አሏት።

«እርስዎስ ዶን ታቾ፣ ወደው ነው?»

ዶን ታቾ ቀለም የነካውን አውራ ጣቱን አየው። «እኔማ ገና አሁን መስማቴ ነው» አለና በእሑድ ሱሪው ላይ ጠረገው። ሚስቱ እስከ ዛሬ ስለዚያ ሱሪ ታወራለች።

ሾፌርዎ «ኧረ በማርያም ፍጠኑልኝ፣ እሷ እስክትጨርስ ሊመሽ ነው!» ሲል «ይምሽ» አልኩት። ኔሬይዳም ቀጠለች። በምትኳ የምትመጣዋ መምህርት ኬኒያ ቴርሴሮ ትባላለች። ልጄ እንደገና ቆመችና «ቴርሴሮ? እንደ ተቆጣጣሪው?» አለች። ቴርሴሮ የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል፣ የእሳቸው ዘመድ ነች ማለት አይደለም ብዬ በትሕትና አስረዳኋት። ከሾፌርዎ በቀር የሳቀ አልነበረም፤ እሱም ወዲያው ሳል አስመስሎ ዋጠው።

ሰብሰብ ብለን ወደ መምህርት ኦብዱሊያ ቤት ሄድን። የአባቷን ሸሚዝ ስታጥብ አገኘናት። «ኦብዱሊያ፣ የዝውውር ማመልከቻ ጽፈሽ ነበር?» አልኳት። «እኔ? ለማን?» አለች። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ሳሙና በነካ እጇ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ሆና ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን አየኋት። ልጆቹም አዩአት። ይህንንም በምስጋናው ቁጥር ውስጥ ያስገቡልኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሰናል። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፤ በገዛ ፈቃዳችን ነው ባዶ የሆነው። ልመናችን ጥቂት ነው። መምህርት ኦብዱሊያ ሃያ ዘጠኙን ልጆቿን ይዛ ባለችበት ትቀመጥ፤ በእነዚያ ልጆች ስም አንጻር የተጻፈው «የማታነብ»፣ «የማያነብ» ይሰረዝ፤ ገመዱን ግን እኛው ገዝተን ዘርግተነዋል፣ ስለሱ አይጨነቁ። ሌላ መምህርት ይዘው ቢመጡ ግን፣ ልጆቻችንን ይዘን ቢሮዎ ደጃፍ እንቀመጣለን፤ መምህርት ኦብዱሊያም እዚያው ታስተምራቸዋለች። የአየር ማቀዝቀዣው ለሁላችንም ይበቃል።

ወገብዎን እግዚአብሔር ያጽናልኝ፣ ወንበርዎንም እንዲሁ፣ መንገዱም እስኪጠገን ድረስ ከድንገተኛ ጉብኝት ይጠብቅዎት እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በከፍተኛ ትሕትናና ከዚያ በሚበልጥ ንዴት እሰናበትዎታለሁ።

ሴፌሪና ቡልነስ
የወላጅ ኮሚቴ ጸሐፊ፣ ባርኔጣ ጎንጓኝ
ሎስ ሆኮቴስ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ሀገሩ ትምህርት መምሪያ
ለቁርስ ቤቱ ባለቤት፣ ግድግዳውን ስለፈቀደልኝ
ለሾፌሩ፣ ሞተሩን አጥፍቶ እንዲያነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወረቀቱን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ላስገባ ስል ኔሬይዳ «እማ ቆይ፣ ከላይ ያለውን አላነበብኩትም» ብላ ከእጄ ወሰደችው። ሁላችንም የዘለልነው ቀኑን ነበር። በፈተናው ዝቅተኛ ውጤት ምክንያት የሚለው የዝውውር ወረቀት የተጻፈውና እርስዎ ማኅተም ያደረጉበት ማክሰኞ ነው፤ ልጆቹን የፈተኗቸው ሐሙስ ነው። ልጄ አንድ ጥያቄ እንዳደርስላት አጥብቃ ለምናኛለች፤ ሳይቸኩሉ ቢመልሱላት ደስ ይላታል፦ «ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ ያነበብኩትን ማክሰኞ እንዴት ሰሙኝ?»