የሰባ አንድ ኪሎ ጭነት ጉዳይ

ለክቡር የተሽከርካሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ እኛ ባለጉዳዮች ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ቆመን ስንውል እርስዎ ያለ ዕረፍት ተቀምጠው መዋልዎን ስላየሁና ስለተጨነቅሁ ነው።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ ከወጣሁ ጀምሮ ሥራዬ የነጋዴዎችን ሚዛን መመርመር ሲሆን፣ ለገዛ አማቼ እንኳ አንዲት ግራም አድልቼ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ የሰው ሶፋ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ለገዛ ደስታው ግን አንድ ቀን መሪ ጨብጦ አያውቅም። ዘንድሮ ሐኪም የዓይኑ ብርሃን እየደከመ መሆኑን ነገረው፤ ሦስት ወር በቀን ብቻ እንዲነዳ፣ ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃዱን እንዲመልስ አዘዘው። እኛም ያለችንን አዋጥተን፣ ዓይኑ ሳይከዳው የሐይቁን ዳር መንገድ የሚነዳባት ርካሽና አስደሳች አሮጌ መኪና ፍለጋ ወጣን።

እኔ ሃያ ሁለት መመዘኛ በወረቀት አዘጋጀሁ። የመጀመሪያዋ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከመቀመጫዋ ጨርቅ በዕድሜ ያንስ ነበር። ሁለተኛዋን ደላላው «ሐኪም ብቻ ነው የነዳት» ብሎ ማለልን፤ ሐኪሙ የሚያክመው ሽንኩርት እንደነበር ከኋላ የቀረው ልጣጭ መሰከረ። ሦስተኛዋ ሃያ ሁለቱንም አለፈች። ወንድም ጋሼ ግን ሞተሯን ሰምቶ «ይቺ ጤነኛ ሬሳ ናት» አለና ትቷት ሄደ። አራተኛዋ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት ናት። የመዳፍ ስፋት ዝገት አለባት፤ ግራ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ ከመመዘኛዎቼ ዘጠኙን ወድቃለች። ወንድም ጋሼ ኮፈኗን አስከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ጎኗ ላይ አሳርፎ አዳመጠና ሐኪሙን ካየ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጽዎ። «የተሽከርካሪው አገልግሎት» በሚለው ሥር የሥራ፣ የቤተሰብ፣ የጭነት፣ የሕዝብ ማመላለሻ የሚሉ አማራጮች አሉ። ቤተሰብ እንዳልል ደንብዎ አራት መቀመጫ ይጠይቃል። «ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚለውን መስመር ሳይ፣ እንድገልጽ የተጠየቅሁ መስሎኝ «ለደስታ» ብዬ ጻፍሁ። የመስኮት አራት ሠራተኛዎ «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ደስታ የሚባል አገልግሎት የለም» አሉኝ። ይህንንስ ገና ከበሩ ስገባ ተረድቼው ነበር። «ጭነት ይበሉና ይገላገሉ» ብለው በደግነት መከሩኝም፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ሚዛን ሳቃና ኖሬ የራሴን አላዛባም ብዬ ግትር አልሁ።

ሁለተኛ፣ ፋይሌን ወደ አጣሪ ኮሚቴ ስለመሩልኝ። ኮሚቴው በአራተኛው ሳምንት «ደስታው የሚሰጠው በክፍያ ነው ወይስ በነጻ?» ሲል በማኅተም ጠየቀኝ። በነጻ መሆኑን በጽሑፍ አረጋገጥሁ። በስድስተኛው ሳምንት «በቀን ለስንት ሰው?» አለኝ። ለሁለት አልሁ። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው ሥልጠና ሄዱ። ስለ ምን እንደሚሠለጥኑ ባላውቅም በርትተው ይማሩ ዘንድ እመኛለሁ።

ሦስተኛ፤ ሦስተኛው እንኳ ምስጋና አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ» ይባላል፤ የእኔ ላም ግን ታርጋ አጥታ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ከወንድሜ ሦስት ወር፣ ማለትም ከአሥራ ሦስት ሳምንት፣ አንዱን ፍለጋው ወሰደ፤ ዘጠኙን እርስዎ ወሰዱ። ባለፈው ማክሰኞ ሸራው ሲንቀሳቀስ አይቼ ድመት ገብታ መስሎኝ ገለጥሁት። ወንድም ጋሼ ሞተር ሳያስነሳ ተቀምጦ ማርሽ ይቀይራል፤ ከፊቱ ሸራ እንጂ መንገድ የለም። «ኩርባው ላይ ነኝ፣ አታናግረኝ» አለኝ።

በማግስቱ መስኮት አራት ቀርቤ አዲስ ቅጽ ሞላሁ። አገልግሎት፦ የጭነት። የጭነቱ ክብደት፦ ሰባ አንድ ኪሎ፣ ራሴ በመረመርሁት ሚዛን ላይ ቆሜ የለካሁት። የጭነቱ ዓይነት፦ ታናሽ ወንድም። ጥንቃቄ የሚሻ ስለመሆኑ፦ አይሻም። ማንም አላነበበውም። በአሥራ አንድ ደቂቃ ማኅተም ተመትቶ፣ ታርጋው እጄ ገባ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ዕቃ ሲጭን ለኖረው ወንድሜ የመጨረሻ ጭነቱ እኔ ሆንሁ። እኔም ግራም ሳላጭበረብር ተመዘገብሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተምዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለወንበርዎም ጽናቱን እመኛለሁ።

በመዝገብዎ ዕቃ፣ በቤቴ ሰው፣ በሁለቱም አክባሪዎ የሆንሁት
የሚዛን መርማሪው

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ እሑድ ጠዋት ከወንድም ጋሼ ጋር ሐይቁ ዳር እንወጣለን። እርስዎም እንደ ወትሮው «ለመንግሥት ሥራ ብቻ» የሚል በተጻፈባት መኪና ከልጆችዎ፣ ከውሻዎና ከዓሣ ማጥመጃዎ ጋር ከመጡ፣ እባክዎ አይደንግጡ፤ ጥሩንባ ነፍተን ሰላም ብለንዎት እናልፋለን። እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት፤ እኛም ጭነት ላይ ነን።