አባትህ ዘንድሮ የተከላቸው ጽጌረዳዎች

ፖርትላንድ፣ ሜይ 15 ቀን 1998

ክላርክ ልጄ፣

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? መርከባችሁ አላስካ ወደብ ስትገባ ደብዳቤው ቀድሞ ይጠብቅህ ብዬ ነው ዛሬ የምጽፍልህ። መረቡ የቆረጠህ እጅህስ ዳነ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው... እንዲያውም የምጽፍልህ ስለ እሱ ነው።

በየጸደዩ የበረንዳውን በርሜሎች በጽጌረዳ እንደሚሞላ ታውቃለህ። መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የሚያድገውን፣ እምቡጡ ሾጠጥ ያለውን ያቆማል፤ ዙሪያውን በዘለላ የሚያብበውን፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቁልቁል የሚንጠለጠሉትን ጥቃቅኖች። "ሁሉም ትልቅ ከሆነ ጭቅጭቅ ነው፤ ሁሉም ትንሽ ከሆነ ሐሜት" ይል የለ? ቀለሙንማ ማን ደፍሮ ይነካበታል! ደም የመሰለውን ቀይ ከብርቱካንማው ካጎራበተ፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ መሃላቸው ነጭ ያስገባል።

ባለፈው ቅዳሜ ተክሎ ሲጨርስ ጠራኝ። ወጥቼ ሳይ ክው አልኩ። በርሜሎቹ ሁሉ ቀይ፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ፤ የተኳረፉ ሰዎች ይመስላሉ። ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት፣ ድፍን ያለ ትልልቅ ራስ ብቻ።

"እንዴት ነው?" አለኝ እጁን እየጠረገ። "ነጩ አላማረም?"

ነጭ የሚባል አንድም አልነበረም።

"አምሯል" አልኩት። ምን ልበል? ጎረቤታችን ኦፓል ግን አጥሩን ተደግፋ፣ "ሊላንድ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያ ልትከፍት ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ቀልዱ ግን አልገባውም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጋዜጣውን "ያው ነው" እያለ መተዉ፣ ሰው ሲያይ እንደ ዶሮ አንገቱን ዘመም ማድረጉ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ።

ሰኞ አፈር ልንገዛ ስንሄድ የሚነዳው እሱ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ጋ ቀይ መብራት በራ። አልቆመም። "ሊላንድ!" ብዬ ጮኽኩ። ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ወደ ኋላ ዘልላ ለጥቂት ተረፈች። መኪናውን ዳር አስይዤው ቁልፉን ነቀልኩ።

"ምን ያስጮህሻል፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ቀይ ነበር!"

"አልነበረም።"

"ጋሪውንስ አላየኸውም?"

"የቱን ጋሪ?" አለኝ። ከዚያ ከመሪው ወርዶ ቦታውን ለቀቀልኝ። ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር መሪ ለቆልኝ አያውቅም።

ረቡዕ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የሚያየው ነገር መሃሉ እየጠፋበት ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀርለታል አሉን። የሚመልስ መድኃኒት የለም። በምን ያህል ጊዜ ብዬ ስጠይቅ፣ "እንደ ሰዉ ነው" ተባልኩ። አባትህ ቤት በር ላይ ስንደርስ፣ "ለክላርክ እንዳትነግሪው፤ ሥራውን ጥሎ ይመጣል" አለኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለቱ ቀላል ነው፤ ዝም ማለቱ ነው ያቃተኝ።

ትናንት በርሜሎቹን እንደገና ተከልናቸው። እሱ በጣቱ እየዳሰሰ "ይቺ እንደ ጽዋ ናት፣ ይቺ ጠፍጣፋ፣ ይቺ ቁልፍ ታክላለች" ይላል፤ እኔ ቀለማቸውን እነግረዋለሁ።

"ይሄስ?"

"ሮዝ።"

"ሮዝ ብሎ መልስ አለ? የቱ ሮዝ?"

"የኦፓል የከንፈር ቀለም" አልኩት።

ከሰኞ ወዲህ ገና ያኔ ሳቀ። ክሬም ቀለም ያለውን ከፈዛዛው ሮዝ ጋር አጋባነው፤ ጠፍጣፋዎቹን ከሾጣጣው እግር ሥር አስቀመጥን፤ ቀዩን በጥቃቅን ነጭ ከበብነው። ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ በዓይኑ ጠርዝ ሲያያቸው አመሸ። ቁልፉ አሁንም የእኔ ኪስ ውስጥ ነው። እስካሁን አልጠየቀኝም።

"ሥራው በሚያልቅበት በሴፕቴምበርም ደግመው ያብባሉ፤ ልጁን አታጣድፊው" ይላል። እውነቱን ነው፣ ሴፕቴምበርም ያብባሉ። የጁን ግን ይበልጣል፣ ልጄ። በጁን ና። ስትመጣም በቀን፣ ፀሐይ ሳለ ይሁን። ጢምህን አሳድገህ እንደሆነም ተላጨው፤ እሱ በሚያውቀው ፊትህ ና።

ማዕበሉን ያብርድልህ፤ በገባህበት እግርህን ከመንሸራተት ይጠብቅልኝ።

የምትወድህ እናትህ፣
ቨርና