ሲጋሩ ውስጥ ያለው ጤና አዳም

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ከቀኑ 9 ሰ.

በረንዳ ላይ ነኝ። ንፋስ የለም፤ ለሱሉልታ ተአምር ነው። የመጀመሪያውን ለኮስኩ። ለስላሳ ሲጋር፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ግን ጥሩ ዘር። የላይኛው ቅጠል ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ሲሳብ አያስቸግርም። ወተት፣ ትንሽ ለውዝ። ፈረንጆቹ ሴዳር ይሉታል፣ እኔ ጥድ እላለሁ። 8 ከ10።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። አሥራ አንድ ዓመት የቀመስኩት እኔ፣ እንግዳ ፊት የሚያወሩት ኦቦ ቱሉ! የሎጁ ባለቤት ስለሆኑ ምላሱም የሳቸው ሆነ። እኔ ማነኝ? ከሰባተኛ ያቋረጥኩ አስተናጋጅ፣ እንግዳ የተወውን ቁራጭ እየለኮስኩ የተማርኩ። "ምን ዓይነት ምላስ ነው ያላቸው!" ይባልላቸዋል። ትሪ ይዤ እሰማለሁ።

አሁን የሉም፣ ነፍስ ይማር። ሎጁን ልጃቸው ጫልቱ ይዛለች። ሦስት ሲጋር ሰጠችኝ። ቅመስ፣ ጻፍ፣ ቅዳሜ እንግዶቹ ፊት ራስህ ተናገር አለች። ከተሳካልኝ የሲጋር ክፍሉ የኔ ነው፣ ለእንግዶቹ የሚነበበው ወረቀት ላይም ስሜ ይገባል። ስሜ!

ግማሹ ላይ ስደርስ ግን ሌላ ጣዕም መጣ። ጤና አዳም። ምላሴ ዳር ላይ፣ መረር ያለ። ተውኩት።

ረቡዕ፣ 4። 9 ሰ. ተኩል

እንቅልፍ የለም። ከየት መጣ?

ኦቦ ቱሉ የሲጋር ሣጥን ውስጥ ጤና አዳም ይከቱ ነበር። ከሰው ዓይን ይጠብቃል ብለው! ትምባሆ እኮ ሽታ ይጠጣል። ስንቱን አበላሹት። የመጨረሻ ጠባችንም በሱ ነው። ነደደኝና "አንቱ እኮ ምላስ የለዎትም!" አልኳቸው። ሳቁ። "አንድ ቀን አንተው ቀምሰህ ትመሰክርልኛለህ" አሉ። በሳምንቱ ሞቱ። ይቅርታ ሳንባባል።

ያ ሣጥን ግን ተቃጥሏል። ይሄኛው አዲስ ነው፣ ቡራዩ ያሠራነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ። ሲጋሮቹም የመጡት ከአርባቸው በኋላ።

ሁለተኛውን ለኮስኩ። ግማሹ ላይ መጣ። ያው ቦታ፣ ያው ምሬት። ጫልቱን ጠርቼ አስቀመስኳት። ሳል ያዛት። ወተት ነው እንጂ ምንም የለውም አለች። "ማሎ፣ እባክህ ዘነበ፣ እንግዳ እንዳታስበረግግብኝ! ወተት፣ ለውዝ በልና ተቀመጥ።"

ንፋስ የለም። ጭሱ ግን ወደ አንድ በኩል ነው የሚሄደው። ኦቦ ቱሉ ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚስበው።

ሐሙስ፣ 5። 4 ሰ. ጠዋት

ሦስተኛውን ላወጣ ሣጥኑን ከፈትኩ።

ሲጋሩ ላይ አንድ ቅጠል። ጤና አዳም። እርጥብ፣ አሁን የተቀጠፈ።

ግቢያችን ውስጥ የነበረውን ውርጭ ከጨረሰው ቆየ። ጫልቱን ጠየቅኳት፤ በአባቷ አፅም ማለች። ቁልፉ ከአንገቴ አልወረደም። ስታጠብም አልወረደም።

ዘጋሁት። ዛሬ አልቀምስም።

አርብ፣ 6። 5 ሰ.

ጫልቱ የሚነበበውን ራሷ ጽፋ አመጣች። ወተት፣ ለውዝ፣ ለስላሳ፤ ከሥሩ "ቀማሽ ዘነበ"። ሳየው ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽህም። ጤና አዳም የምትል ቃል ከአፍህ ከወጣች ግን ወደ ትሪህ ትመለሳለህ አለች።

ሦስተኛውን ለኮስኩ። ወንበሬን ከሳቸው ወንበር ፊት ለፊት አዞርኩ። መተርኮሻው መሀል። አመዱ ሦስት ጣት ሆኖ አልወደቀም። ግማሹ ላይ መጣ። እንዳለፈው አልተውኩትም፤ መሳቤን ቀጠልኩ።

ያምራል! ምን አባቴ ላድርግ? ምሬቱ ነው ወተቱን የሚያነሳው። ያለሱ ሲጋሩ ውሃ ነው። ዘጠኝ። ዘጠኝ ተኩል።

አሥራ አንድ ዓመት የጮህኩት በሰው ምላስ አወሩ ብዬ አይደል? የጫልቱን ካነበብኩ እኔስ በማን ምላስ ላወራ ነው?

ቀደድኩት። በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ወተት፣ ለውዝ፣ ጥድ፤ ከግማሽ በኋላ ጤና አዳም። ጤና አዳሙን ያወቁት ኦቦ ቱሉ ናቸው። ቀማሽ ዘነበ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይቅር ይበሉኝ ኦቦ፣ አልኩ።

አመዱ ወደቀ። የኔ አይደለም። የኔ ገና እሳቱ ላይ ነው። ከመተርኮሻው በዚያ በኩል፣ በሳቸው በኩል፣ ትኩስ አመድ።

ነገ ትሪ ብሸከምም እመሰክራለሁ። ወንበሩ ከዚህ አይነሳም።