ዳገት ላይ የፈሰሰ ኮክ

ሲየና፣ ጣሊያን፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ፈትለወርቅዬ፣

ልነግርሽ አፈርኩ፤ ዛሬ ሌባ ተባልኩ። ሲየና ከዳር እስከ ዳር በእግር የምታልቅ ከተማ ናትና ብቻዬን ወጣሁ። አንዲት አሮጊት ኮክ የሞላ ዘንቢል ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። እኛ አገር ንፋስ መውጫ፣ መንገድ ላይ የትልቅ ሰው ሸክም እንደምንቀበለው፣ ቃል ሳልተነፍስ ዘንቢሉን ከእጃቸው ያዝኩ። ጮኹብኝ! ለቅቄው ሮጥኩ፤ ኮኩ ቁልቁል ተንከባለለ።

ከአሠሪዎቿ ጋር ይዛኝ የመጣችው አክስቴ፣ «አንቺ ጅል፣ እዚህ አገር ሳይጠይቅ የሚቀበል ሌባ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሳልለቅምላቸው መሮጤ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ አንቺንም እስምሻለሁ። ነገ ከዳገቱ ሥር ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ፤ ቋንቋቸውን ባላውቅም ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አበራሽ