የላይኞቹ ቀዳዳዎች

እማዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ ቀለል ብሎሽ፣ የስፌት መኪናሽም ሳያስቸግርሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ሳሉስ ተወሽ? ጎረቤትሽ ነርሷ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጥሻለች ወይስ እንደ ልማድሽ «ወስጃለሁ» እያልሽ ትሸኛታለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። የምጽፍልሽን በስልክ ልነግርሽ ደውዬ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ስለዚህ ልጻፈው።

ሥራዬን ለሰው ስትነግሪ «ዕቃ ላይ ወረቀት ታስራለች» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ አልዋሸሽም። ጠበቆቻችን «መጀመሪያ የፈጠርኩት እኔ ነኝ» የሚል ክርክር ሲይዙ፣ ለዳኞች የሚቀርበውን ኤግዚቢት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ የሚታየውን ብቻ እጽፍበታለሁ፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ እያልኩ። ምን ያህል እንደተለፋበት አይጻፍም። አንድ ጊዜ ሁለት ሽበታም ሰዎች ለአንድ የጠርሙስ ክዳን ሲሰዳደቡ ክዳኑን በጓንት ይዤ መሐላቸው ቆሜ ነበር። ሳቄን የቻልኩት ጥርሴን ነክሼ ነው።

የአሁኑ ግን አያስቅም። አንድ ትልቅ ኩባንያ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ከሷል፤ እኛ የቆምነው ለወርክሾፑ ነው። ወርክሾፑ እግራቸው ላልጸና ልጆች መደገፊያ ይሠራል፤ ልጁ ባደገ ቁጥር ብሎኑ ወደ ላይኛው ቀዳዳ እየተዛወረ አብሮት የሚረዝም። ኩባንያው አሠራሩ የእኔ ፈጠራ ነው፣ ፓተንት አለኝ ይላል። ከረታ ወርክሾፑ ይዘጋል፤ የኩባንያውን ዋጋ የሚችል ወላጅ ደግሞ ጥቂት ነው። ወርክሾፑ ደጃፍ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ የሚጠብቁትን እናቶች ሳይ አንቺን አየሁ።

የኩኩሻን መደገፊያ እንድትልኪልኝ የለመንኩሽ ለዚህ ነው። ከፓተንቱ በፊት ሌላ ሰው እንዲህ ያለውን ሠርቶ በሰው ፊት ሲያገለግል ከነበረ ክሱ ይወድቃል። እህቴ ደግሞ አባዬ የሠራላትን አድርጋ ትምህርት ቤት ሄዳለች፣ መንገድ ላይ ተራምዳለች። አንቺም ለምን ሳትዪ በሕፃን ፎጣ ጠቅልለሽ ላክሽው።

የእህቴ መሆኑን ለጠበቃችን ስነግራት እጄን እንዳላሳርፍበት ከለከለችኝ፤ የቤተሰብ ዕቃ በቤተሰብ እጅ ሲዘጋጅ ያስጠረጥራል። ወረቀቱን ያሰረው ባልደረባዬ ነው። «ያገለገለ እግር ብረት» ብሎ ጻፈበት። እማዬ፣ ደሜ ፈላ! እግር ብረት ለእስረኛ ነው ብዬ ጮህኩበት። የሰፈር ልጆች እንዲያ ብለው ሲጠሩት መቀስሽን እንደያዝሽ ወጥተሽ እንዴት እንደወረድሽባቸው ትዝ አለኝ። ምስኪኑ ደንግጦ ወረቀቱን ቀደደውና «የልጅ እግር መደገፊያ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ ሊያየው መጣ። በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየው። የታችኞቹ ሦስት ቀዳዳዎች በብሎን ተበልተው ሰፍተዋል፤ የላይኞቹ ግን ጠርዛቸው ስለታም ነው፣ ትናንት የተበሱ ይመስላሉ አለ። ዝገት የለበትም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ዘይትም አዲስ ነው አለ። ለዚህ ክርክር ሲባል በቅርቡ የተሠራ ነው ብሎ ሊሟገት ነው። ማንም የማይጠቀምበትን አሮጌ ብረት ይህን ሁሉ ዓመት ዘይት የሚቀባ ማን ነው ብሎም ሳቀ።

እኔ ሽታውን አወቅኩት። የስፌት መኪናሽ ዘይት ነው። ዓይንሽ እንዳያየው ሳጥን ውስጥ የቀበርሽው ይመስለኝ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አባዬ ቢኖር እሱ ይመልስ ነበር። እነዚያን ቀዳዳዎች ሲበሳ አጠገቡ ነበርኩ፤ ለሙሽርነቷም ይበቃታል እያለ እስከ ጫፉ ድረስ በሳው። የእኔ ቃል ግን የቢሮው ሠራተኛ ስለሆንኩ ሚዛን አይደፋም። ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

እንድትመጪልኝ ነው የምለምንሽ። ሁለት ነገር ትጠየቂያለሽ፦ የላይኞቹ ቀዳዳዎች ለምን ብሎን አልገባባቸውም? ዘይቱንስ ማን ይቀባዋል? ምን ብለሽ እንደምትመልሺ ልነግርሽ አልችልም፤ ምስክርን ማስጠናት ክልክል ነው። ባይከለከልም አንደበቴ እሺ አይለኝም። በቤታችን ያን ነገር አፍ አውጥተን ተናግረነው አናውቅም። እንግዳ ስንት ልጆች አሉሽ ብሎ ሲጠይቅሽ እንኳ ሻይ ልታፈዪ ትነሺ ነበር። እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም፣ በሞቴ። ግን እነዚያን እናቶች ብታዪያቸው እምቢ አትዪም። ከመጣሽ አክስቴ አብራሽ ትመጣለች፤ እኔም እዚያው ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ።

መደገፊያው አሁን በቢሮው ቁም ሳጥን ተቆልፎበታል። ክርክሩ ሲያበቃ ለአንቺ ይመለሳል፤ እስከዚያ ማንም አይነካውም፣ ዘይት የሚቀባውም የለም። ይህ እንደሚከብድሽ ስለማውቅ ነው ቀድሜ የነገርኩሽ።

ልጅ እናቷን መመረቅ ከቻለች፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ዕድሜሽ ይርዘምልኝ፣ ያን ቀን ድምፅሽ አይታነቅ።

የቀረሁልሽ ልጅሽ