ልጄን ከድምፅ ማጉያው አውርዱልኝ

ለአካባቢው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 22

ጉዳዩ፦ በመሣሪያ ተስፈራርታና በጩቤ ቆስላ የተዘረፈች ልጄን በገበያ መካከል የጥንቃቄ ጉድለት ማስተማሪያ ማድረጉ እንዲቆምልኝና እርማት እንዲነገርልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

አመልካች ከገበያው ጀርባ በልብስ ስፌት የምተዳደር የልጆች እናት ነኝ። እስከ ዛሬ ከቢሮዎ ጋር የሚያገናኘኝ ነገር ቢኖር የፖሊሶቻችሁን ሱሪ ማሳጠርና ማስፋት ብቻ ነበር፤ ጠብ የለንም። አሁንም ለጠብ አልመጣሁም፣ ለጠብ የሚሆን ጉልበትም የለኝም። ደክሞኛል። ጉዳዩ ግን ከሥር ከመሠረቱ ካልተነገረ ስለማይገባ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

1. ባለፈው ክረምት ዝርፊያ ሲበዛ የቢሮዎ መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው መግቢያ ላይ እየቆመ በድምፅ ማጉያ ምክር ይሰጥ ነበር። ከምክሮቹ አንዱ፣ ስልካችሁን በእጅ ቦርሳ አትያዙ፣ ከወገባችሁ በቀኝ በኩል የውስጥ ኪስ አሰፉና እዚያ ደብቁ የሚል ነው። ጥሩ ምክር መስሎኝ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ልብሱን ተሸክሞ እኔ ቤት መጣ። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ ባለታክሲው፣ የወንድሜ ሚስት፣ ያልሰፋሁለት የለም። ከሁሉ በፊት የሰፋሁት ግን ለልጄ ነው፤ በድርብ ክር፣ አዝራሩ በቀላሉ እንዳይወልቅ ቀዳዳውን ጠበብ አድርጌ።

2. ልጄ መነጽር ቤት ተቀጥራ መስታወት እየሞረደች ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። ሥራዋን ትወደዋለች። በተዘረፈችበት ቀን ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰልፎ ሳለ፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ሁለት ወጣቶች ግድግዳ አስጠግተው ያዟት። አንዱ ጃኬቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጥ አሳያት፣ ሌላው ጩቤ ይዟል። ቦርሳዋን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀኝ በኩል ካለው የውስጥ ኪስሽ አውጪ ነው ያሏት። ለካ ሌቦቹም ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ! ልጄ አዝራሩን ለመፍታት ሞከረች፤ ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። ባለጩቤው መጠበቅ ሰለቸውና ኪሱን ከነጎኗ ቀደደው። ሐኪሙ ሰፍቶላታል። ስፌቱን አይቼዋለሁ፣ እጁ ይባረክ፣ ቀጥ ያለ ነው።

3. ቃሏን ለመስጠት ወደ ቢሮዎ ስንመጣ የተቀበለን መዝጋቢ ፖሊስ ጨዋ ልጅ ነው። ወንበር ሰጥቶናል፣ እኔንም እናቴ እያለ ነው ያነጋገረኝ። መጀመሪያ የጠየቃት ግን ጆሮዋ ላይ ምን እንደነበረ ነው። ኤርፎን አለችው። ዘፈን ነው? አዎ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ እንግዲህ እህቴ ምን ይደረግ፣ አንቺው ነሽ በሩን የከፈትሽላቸው አላት። ከዚያ ወዲያ ጥያቄው ሁሉ ለምን ሆነ። ለምን በዚያ መንገድ? ለምን ብቻሽን? ለምን ቶሎ አልሰጠሽም? ስለ ሁለቱ ዘራፊዎች መልክ የጠየቃት ልንነሳ ስንል ነው። በዚያን ጊዜ እሷ ማልቀስ ጀምራለች፣ የተናገረችውን እኔም አልሰማሁም።

ክቡር ኃላፊ፣ ዘፈን መስማቷን አልክድም። ትሰማ ነበር። አልሰማችም ብዬ ላስተባብል ሲዳዳኝ ነበር፣ ከዚያ ግን ምን በወጣኝ አልኩ። ዘፈን መስማት በጩቤ የሚያስወጋ ጥፋት ነው የሚል አዋጅ ወጥቶ ከሆነ እኛ ሰፈር አልደረሰም። ሽጉጡን እኮ የያዘችው እሷ አይደለችም!

የሰፈሩንም ላንሳ። አክስቷ ልትጠይቃት መጥታ በላይኛው መንገድ ብትሄጂ ኖሮ እያለች ስታነሳ ስትጥል ዋለች። በላይኛው መንገድ ባለፈው ወር የተዘረፈችውን ጎረቤታችንን ደግሞ በታችኛው ብትሄጂ ኖሮ ያለቻት ራሷ ናት። ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ሰዎች ለምን አልጮኸችም ብለው ይጠይቁኛል። እናንተስ ለምን አልጮኻችሁም ልላቸው እፈልግና፣ ነገ ልብስ ይዘው የሚመጡት እነሱ ናቸው ብዬ እተወዋለሁ። ሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ጥፋቱ የእሷ ከሆነ በእኔ ላይ አይደርስም ብሎ ለመጽናናት ነው።

4. ይህንንም ችለን ዝም ባልን ነበር። ሆኖም ከዚያ ወዲህ መኪናው በመጣ ቁጥር አንዲት የመነጽር ቤት ሠራተኛ ጆሮዋን ደፍና ስትሄድ፣ በኋላም ንብረቴን አልሰጥም ብላ እልህ ስትጋባ ቆሰለች፣ ከእሷ ተማሩ እየተባለ ይነገራል። በገበያው ያለው መነጽር ቤት አንድ ነው፣ ያለችውም ሴት ሠራተኛ እሷ ብቻ ናት። ስም አልጠራንም ብትሉኝ አይገባኝም። የሰፈሩ ልጆች ኤርፎኗ የሚል ቅጽል አውጥተውላታል። እልህ የተባለው ደግሞ የአዝራር ቀዳዳ መጥበብ ነው።

የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ሁሉም ቃል ይገባል። ወሬው ሲጀመር ፔዳሉን አጥብቄ እረግጣለሁ፣ ድምፁ እንዲሸፍንልኝ። እሷ ጓዳ ተኝታ ትራስ ጆሮዋ ላይ ትጭናለች። ቁስሉ ሽሯል፤ ልጄ ግን ከበር አትወጣም። ክሩን ለማስወጣት ሐኪም ቤት የወሰድኳት እንደ ሕፃን እጇን ይዤ ነው። አሠሪዋ ደግ ሰው ነው፣ እስካሁን በቦታዋ ሰው አላስገባም፣ ነገር ግን ደንበኛ መነጽሩን እየጠበቀበት ስለሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተመለሰች ሌላ እንደሚቀጥር በአክብሮት ነግሮኛል። አልፈርድበትም። የሰለጠነችበትን ሥራ ካጣች ከዚያ አልጋ ምን እንደሚያስነሳት እኔ አላውቅም። ፈርቻለሁ።

5. ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ስልኩን አልጠይቅም፣ ስልኩ ይቅር። የልጄ ነገር ከድምፅ ማጉያው ይውረድልኝ። ያው መኪና፣ በዚያው ቦታ ቆሞ፣ ጥፋቱ ሽጉጥና ጩቤ የያዙት ሰዎች እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ አንድ ጊዜ ይናገርልኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መዝጋቢው ፖሊስ ከእነ ዩኒፎርሙ ቤቴ ድረስ ይምጣልኝና ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም ይበላት። እኔ ነግሬያታለሁ፣ በየቀኑ እነግራታለሁ። እናቷ ስለሆንኩ አታምነኝም። ጥፋተኛ ነሽ ያላት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው፣ ሊያነሳላትም የሚችለው እሱ ነው። ከሥራ ሰዓቱ ብዙ አልወስድበትም።

6. አቤቱታዬን እዚህ ላይ ልዘጋ ነበር። ስጽፍ ልጄ ከጓዳ ወጥታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ለፖሊስ ነው ስላት ደነገጠች። አጠገቤ ተቀምጣ እስከዚህ ድረስ አነበበችውና አንድ ነገር እንድጨምርላት ለመነችኝ። ቃሏ እንዲህ ይላል፦ «ጥፋቴን አምኛለሁ። ቢሮውን ስላስቸገርኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

አልጽፍም ብላት ታለቅሳለች ብዬ ጽፌላታለሁ። የቀረው ሁሉ የእኔ ቃል ስለሆነ እፈርምበታለሁ፤ በዚያ በእሷ ቃል ላይ ግን አልፈርምም።

ከደከመ፣ ግን አክብሮት ካልጎደለው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ የተበዳይ እናት