ግራናን የሰጠኸው ለእኔ ነው

አባዬ፣

እኔ ነኝ፣ እሙ። ስትለየን ዳዴ ትል የነበረችው ማኅሌት ዘንድሮ አስራ ስድስት ዓመት ሞላት። ስንት ዘመን እንደሆነ ከሷ ቁመት ለካው፤ የጓዳውን በር ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው።

እማዬ ደህና ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ግን ሻሽ ስለማትፈታ ማንም አያውቅባትም። ሞተር ብስክሌትህ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ስለነበር ያኔውኑ መለስነው። አጥሩ ጥግ የተከልከው ማንጎ ወደ ጎረቤት ዘንበል ብሎ ጋሽ ሰይድ ግማሹን ፍሬ በነሱ በኩል ይለቅሙታል፤ ስንቆጣ «እኔ ምን ላድርግ፣ ዛፉ ነው የመረጠኝ» ይላሉ። እኔ ወልድያ ሥራ ይዣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ መርሳ እወርዳለሁ። ይህን ሁሉ የምነግርህ ለወጉ ነው። የጻፍኩልህ ግን ክስ ይዤ ነው።

ማኅሌት ቴሌቪዥን ላይ ወጣች። አዲስ አበባ ሄዳ፣ ገንዘብ የሚያሸልም የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ፣ ያውም በቀጥታ ስርጭት! እንድትመዘገብ የገፋፋኋት እኔው ነኝ፣ እጄን ይቁረጠው። ካሸነፈች ለእማዬ ፍሪጅ፣ ለራሷ ላፕቶፕ ልትገዛ አቅዳ ነበር። የዚያን እሁድ ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰበሰበ። እኔም ከሁሉም ፊት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ። አንዱን መለሰች፣ ሌላውን መለሰች፣ እልል አልን። ከዚያ አቅራቢው ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ አላት። ልጅት ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባቴ ነው። ከግራና ወደ መርሳ በሞተር ስንመለስ እንቆቅልሽ እጠይቀው ነበር። እያወቀ አላውቅም ይለኛል፤ አገር ስጠኝ እለዋለሁ። ደሴን ሲሰጠኝ እምቢ፣ ጎንደርን ሲሰጠኝ እምቢ፣ ግራናን ሲሰጠኝ ብቻ እሺ እል ነበር።»

«ግራናማ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

አባዬ፣ አንተ ፍረደኝ። ሞተሩ ላይ ታንከሩን አቅፌ ከፊትህ የምቀመጠው ማን ነበር? አቧራውን የቃምኩት፣ ጉልበቴ በሞቀው ብረት የተቃጠለው እኔ አይደለሁም? ማኅሌት ያኔ ጡት ላይ ነበረች። ግራናን ከኔ አፍ ነው የሰማችው። ሕፃን ሆና አልተኛም እያለች ስታስቸግር፣ ሌላ የማባብልበት ስላልነበረኝ አንተን እየቆረስኩ አጎረስኳት። ድሮ «አንቺና አባዬ እኮ» እያለች ነበር የምታስወራኝ። መቼ «እኔና አባዬ» ማለት እንደጀመረች አላስተዋልኩም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ንቃኝ ነው።

ይባስ ብሎ ጋሽ ሰይድ «ማሻ አላህ! ቁርጥ አባቷን!» አይሉም? እሳቸውን አምናቸው ነበር። እኔን ሰው ሁሉ የሚለኝ «እናቷን» ነው። ቀናሁ አባዬ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ለመላው አገር ባለአባት ሆና የታየችው እሷ፣ አንተን የማውቅህ ግን እኔ።

እንዲህ እየተቃጠልኩ ሳለ ከባዱ ጥያቄ መጣ። ከንቦች መናደፊያ የሌለው የትኛው ነው? ንግሥቲቱ፣ ሠራተኛዋ፣ ወይስ ወንዱ? ማኅሌት ከንፈሯን ነከሰች። ለቤተሰብ አንድ ጊዜ የመደወል ዕድል ነበራት፣ ስልኬ እጄ ላይ ጮኸ።

መልሱን እንደማውቀው አንተ ታውቃለህ። ግራና መግቢያ ላይ አንድ ገበሬ ቀፎውን ሊያሳይህ አስቁሞህ፣ አንተ አንዱን ወፍራም ንብ ይዘህ ወደ እኔ መጣህ። እሪ ብዬ እጄን ጨበጥኩ። አልተቆጣህም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፍተህ መዳፌ ላይ አስቀመጥክልኝና «ድንጉላ ነው፣ ወንዱ። ድምፁ ብቻ ነው፣ አይናደፍም» አልከኝ። መዳፌን እየኮረኮረኝ ሄደ። ለማኅሌት ሁሉንም ነግሬያት ይህችን አንዷን ብቻ አስቀርቼ ነበር። የራሴ የምለው ይኑረኝ ብዬ።

እና ዝም አልኩ። ሰከንዱ እየሮጠ ዝም አልኩ። አላውቅም ብዬ ልዝጋው አልኩ፣ እስቲ ያ ያስተማራት አባቷ ይንገራት። እማዬ «ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ!» እያለች ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች። ያኔ ማኅሌት በስልኩ ውስጥ ሳቅ ብላ «እትዬ፣ ካላወቅሽ አገር ስጪኛ!» አለችኝ። እዚያ ያለው ታዳሚ ሳቀ። እኔ ግን ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት። ደግሞ «አገር» የሚለውን ልክ እንዳንተ ጎተተችው። ሰምታህ አታውቅም እኮ። ከኔ ነው የወሰደችው፣ እኔም ካንተ።

«ወንዱ ነው! ወንዱ!» ብዬ ራሴን እንደተነደፈ ሰው ጮህኩ።

አገኘችው። ከዚያ በኋላ ባለው ጥያቄ ልቧ ስለፈራ ያገኘችውን ይዛ አቆመች። ፍሪጁ ተገዝቶ ሳሎን ቆሟል፣ ላፕቶፑም አለ።

የተመለሰች ዕለት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ የንቡን እንዴት አወቅሽ አለችኝ። አባዬ ነው ያሳወቀኝ፣ እንዴት እንዳሳወቀኝ ግን እስቲ አንቺ እወቂ፣ እንቆቅልሽ አልኳት። «ምን አውቅልሽ» ብላ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። ነግሮሽ ብቻ ነው? አይደለም። ሥዕል አሳይቶሽ? አይደለም። ሲናደፍ አይተሽ? ኧረ እንዲያውም። አቃታት። በይ አገር ስጪኝ አልኳት።

አዲስ አበባን ሰጠችኝ፣ እምቢ። ደሴን ሰጠችኝ፣ እምቢ። ወልድያን ስትለኝማ፣ የምሠራበትን አገር ማን ይቀበላል? ያኔ ገባት። ሳቋ ጠፋ። መሬት መሬቱን እያየች እንዲህ አለችኝ፤ «አንቺ እኮ ዓይንሽን ስትጨፍኚ እሱን ታይዋለሽ። እኔ ብጨፍን የማየው ያንቺን ፊት ነው። ቴሌቪዥን ላይ እንኳ ለአንድ ቀን አየሁት ልበል ብዬ ነው። እቀናብሻለሁ እትዬ፣ ድሮም እቀናብሻለሁ።»

ጉድ በል አባዬ! እኔ በሷ፣ እሷ በኔ። ማቀፍ ነበረብኝ፣ ይገባኛል። ግን የዚያን ያህል ደግ አይደለሁም፤ አገሬን እስክትሰጠኝ ጠበቅኳት።

«ግራናን ሰጥቼሻለሁ» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ተቀበልኩ። እጅሽን ጨብጪ አልኳት። ጨበጠች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከፈትኳቸውና ባዶ መዳፏ ላይ ያንን ንብ አስቀመጥኩላት፣ አንተ የተናገርከውን በተናገርከው ድምፅ እየነገርኳት። እጇን እንደዘረጋች ብዙ ቆየች። «ይኮረኩራል» አለችኝ።

ንቡ እንግዲህ የሁለታችንም ነው፣ እሷ ብትረሳው እኔ፣ እኔ ብረሳው እሷ እንይዝልሃለን። ነገ ቴሌቪዥን ላይ ወጥታ «አባቴ መዳፌ ላይ ንብ አስቀመጠልኝ» ብትል አልጮህባትም፣ ቃሌ ነው። ግራናን ከነካች ግን እጮሃለሁ።

ልጅህ እሙ፣
ባለግራናዋ